ሳይቃጠል በቅጠል፦ የስላይድ ፊልም ታሪክና በአነስተኛ ወጪ የማዳኛው ዘዴ

ከጣና ሐይቅ ወጥቶ የጎጃምን ተራሮች የሚዞረው ዓባይ ሱዳን ሲገባ ስሙን ለውጦ አል-ባሕር አል-አዝረቅ ይባላል። ከነጭ ዓባይ ጋር ከመቀላቀሉ ጥቂት አስቀድሞም በካርቱም ምሥራቃዊ ክፍል የአል-ማንሺያን ሰፈር ታክኮ ያልፋል። በሰፈሩ ስም የሚጠራው ድልድይ ከተማዋን ከወንዙ ማዶ ካለው ከምሥራቅ ዓባይ አካባቢ ጋር ያገናኛታል። በዚህ ሰፈርና በአጎራባቾቹ ለዓመታት ሠርተው ያደሩ፣ ልጅ ያሳደጉ፣ ከዚያም ወደ ሌላ አገር ያለፉ ኢትዮጵያውያን ብዙዎች ናቸው።

ሚያዝያ 15 ቀን 2023 እ.ኤ.አ. በካርቱም ጦርነት ሲፈነዳ ነዋሪው ቤቱን ዘግቶ ለመውጣት የነበረው ጊዜ አጭር ነበር። እንዲህ ባለ ሰዓት ሰው ይዞት የሚወጣው ነገር ጥቂት ነው፤ መታወቂያ፣ ፓስፖርት፣ በእጅ ያለ ገንዘብ፣ ከሁሉም በፊት ልጆች። በቁም ሣጥን አናት ላይ የተቀመጠ የፎቶግራፍ አልበም፣ ወይም በካርቶን ሣጥን የተደረደረ የስላይድ ፊልም፣ በዚያ ሰዓት የሚያስታውሰው የለም። የሚታወሰው ከድንበሩ ማዶ፣ ነገሩ ሁሉ ጋብ ካለ በኋላ ነው። ያን ጊዜ ደግሞ ይረፍዳል።

ይህ ጽሑፍ ስለዚያች ትንሽ ሣጥን ነው። ስላይድ ምን እንደ ነበረ፣ የኢትዮጵያና የሱዳን ታሪክ በምን ምክንያት በእርሱ ላይ እንደ ሰፈረ፣ እንዴት እንደሚጠፋና ብዙ ገንዘብ ሳይጠይቅ እንዴት ቁልጭ ብሎ ወደ ዲጂታል ምስል ሊለወጥ እንደሚችል ይመለከታል። የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የቀለም ዘመን አጀማመር

ኮዳክ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ኮዳክሮም የተሰኘውን የቀለም ፊልም በ1935 ለሲኒማ፣ በ1936 ደግሞ ለተራ ፎቶግራፍ ካሜራ አቀረበ። የፈለሰፉት ሊዮፖልድ ማንስና ሊዮፖልድ ጎዶውስኪ ሁለቱም የሙዚቃ ሰዎች ነበሩ። በዚያው በ1936 የጀርመኑ አግፋ ኩባንያም የራሱን የቀለም ፊልም ይዞ ወጣ። እነዚህ ፊልሞች ከተለመደው ኔጋቲቭ የሚለዩት ምስሉን ገልብጠው ሳይሆን በእውነተኛ ቀለሙ በመያዛቸው ነው። ሰማዩ ሰማያዊ፣ ቅጠሉም አረንጓዴ ሆኖ በፊልሙ ላይ በቀጥታ ይታያል። እያንዳንዱ ምስል 24 በ36 ሚሊሜትር ሲሆን፣ ተቆርጦ አምስት ሴንቲሜትር ገደማ ጎን ባለው የካርቶን ወይም የፕላስቲክ ፍሬም ውስጥ ይገባል። ስላይድ የሚባለው ይህ ነው።

ስላይድ በወረቀት የሚታጠብ ሳይሆን በጨለማ ክፍል ውስጥ በፕሮጀክተር ነጭ ግድግዳ ላይ የሚታይ ነበር። ኮዳክ በ1960ዎቹ መጀመሪያ ያወጣው ክብ መደርደሪያ ያለው ካሩሰል ፕሮጀክተር በአንድ ጊዜ 80 ስላይዶችን ተሸክሞ አንድ በአንድ ያሳይ ነበር። የዩኒቨርሲቲ መምህራን፣ የቅርስ ተመራማሪዎች፣ ሐኪሞችና የእርዳታ ድርጅቶች ትምህርታቸውንና ሪፖርታቸውን በእርሱ ያቀርቡ ነበር። የመጽሔትና የመጽሐፍ አታሚዎችም የቀለም ሥዕል ሲፈልጉ ከወረቀት ፎቶግራፍ ይልቅ ስላይድ ይመርጡ ነበር፤ የቀለሙ ጥራትና የምስሉ ጥርትነት ይበልጣልና። ከዚህም የተነሣ ከ1950ዎቹ እስከ 1990ዎቹ ድረስ ያለው የቀለም ታሪክ ብዙው ክፍል የሚገኘው በስላይድ ላይ ነው።

ኮዳክሮም ግን አንድ ትልቅ እክል ነበረበት። አስተጣጠቡ እጅግ የተወሳሰበ በመሆኑ ተራ ፎቶ ቤት ሊሠራው አይችልም። ስለዚህ በአዲስ አበባም ሆነ በካርቱም የተነሣ ኮዳክሮም በፖስታ ወደ ውጭ አገር ላቦራቶሪ መላክ ነበረበት። በርካታው የአካባቢያችን የቀለም ምስል ከመጀመሪያው ባሕር የተሻገረው በዚህ ምክንያት ነው። ባለቤቶቹ የውጭ አገር ሰዎች ሲሆኑ ደግሞ ምስሉ በዚያው ቀረ። በአውሮፓና በአሜሪካ ሰገነቶችና ምድር ቤቶች ውስጥ ዛሬም ስለ ጎንደር፣ ስለ ከሰላ ወይም ስለ ኦምዱርማን የሚናገሩ የስላይድ ሣጥኖች ቢገኙ የሚያስገርም አይሆንም።

ሁለት አገሮች በአንድ ፊልም ላይ

በግብፅ የአስዋን ከፍተኛ ግድብ ሲሠራ የኑቢያ ምድር በውኃ ሊዋጥ ሆነ። ያን ጊዜ በካዚሚየርዝ ሚካሎቭስኪ የተመራው የፖላንድ የአርኬዎሎጂ ቡድን ከ1961 እስከ 1964 በሰሜን ሱዳን በፋራስ የጥንቱን የክርስቲያን ካቴድራል ቆፍሮ አወጣ። ከግድግዳው ከ120 በላይ ሥዕሎች ተነቅለው ከፊሉ ለካርቱም፣ ከፊሉ ለዋርሶ ደረሱ። ሥዕሎቹ በቦታቸው ሳሉ የነበራቸውን መልክ ዛሬ የሚመሰክረው በቁፋሮው ጊዜ የተነሣው ፎቶግራፍ ነው፤ ካቴድራሉ የነበረበት ቦታ ራሱ ከውኃ በታች ሆኗልና። በ1971 የተከፈተው የሱዳን ብሔራዊ ሙዚየም በ2023 በጀመረው ጦርነት ተዘርፏል። ዕቃው ከጠፋ በኋላ ስለ ዕቃው የሚመሰክረው፣ የተሰረቀውንም ለማስመለስ ማስረጃ የሚሆነው ምስሉ ነው።

በኢትዮጵያም ተመሳሳይ ታሪክ አለ። የስዊስ ተወላጅ የሆኑት ፎቶግራፍ አንሺ ጌኦርግ ገርስተር የአቡ ሲምበልን ቤተ መቅደስ መነሣት የመዘገቡ ሲሆን፣ ከዐለት ስለ ተፈለፈሉት የኢትዮጵያ አብያተ ክርስቲያናት ያሳተሙት የሥዕል መጽሐፍም በ1968 ወጥቷል። በ1950 ወደ ኢትዮጵያ የመጡት ፖላንዳዊው ስታኒስላቭ ሆይናትስኪ ደግሞ የዩኒቨርሲቲውን ቤተ መጻሕፍትና የኢትዮጵያ ጥናት ተቋምን ሙዚየም ካቋቋሙት አንዱ ናቸው፤ ስለ ኢትዮጵያ ሥዕል ያሳተሙት ትልቅ ጥናት በ1983 ወጥቷል። እንዲህ ያለ ጥናት ያለ ፎቶግራፍ የሚታሰብ አይደለም። በ1973 የተጀመረው የኢትዮጵያ ብራና መጻሕፍት የማይክሮፊልም ሥራም በሺህ የሚቆጠሩ መጻሕፍትን በፊልም አንሥቶ ቅጂያቸውን በአሜሪካ ሚኒሶታ አስቀመጠ። በኋላ ዘመን ያ ፊልም ወደ ዲጂታል ሲለወጥ፣ በጎጃም ወይም በሸዋ ገዳም ያለ መጽሐፍ ከየትም ሆኖ ሊነበብ ቻለ።

የቤተ መንግሥት ፎቶግራፍ አንሺ የነበሩት ሸምልስ ደስታ ከኢትዮጵያ ወጥተው በእንግሊዝ አገር ሲኖሩ ይዘዋቸው የወጡት ኔጋቲቮች በ2007 ለንደን ላይ ለሕዝብ ታዩ። በሱዳን በኩል የባቡር ከተማ በሆነችው በአትባራ የሠሩት ራሺድ ማህዲ የአገራቸውን ሰው መልክ ለትውልድ አቆዩ። የሱዳን ሲኒማ አባት የሚባሉት ጋዳላ ጉባራም በ1974 የራሳቸውን ስቱዲዮ አቋቁመው በሺህ የሚቆጠር ሜትር ፊልም ሰበሰቡ። እርሳቸው በ2008 ካረፉ በኋላ ልጃቸው ሳራ ጉባራ የፊልም ክምችቱን ጠብቀው፣ አርሴናል በተባለ የበርሊን ተቋም አማካይነት ወደ ዲጂታል እንዲለወጥ አድርገዋል። ይህ ሥራ የተሠራው ጦርነቱ ከመምጣቱ በፊት መሆኑን ልብ ይሏል።

ካርቱም ለኢትዮጵያውያን መሸጋገሪያ በሆነችባቸው ዓመታትም ስላይድ ነበረ። ከ1974 አብዮት በኋላ፣ በተለይም በ1984ና በ1985 ረሀብ ጊዜ፣ ድንበር ተሻግሮ በምሥራቅ ሱዳን መጠለያዎች የሰፈረውን ሕዝብ ጋዜጠኞችና የእርዳታ ሠራተኞች ያነሡት ካሜራቸው ውስጥ በነበረው በዚሁ ፊልም ነበር። ዛሬ በካርቱም፣ በአዲስ አበባ ወይም በሩቅ አገር የሚኖር አንድ ጎልማሳ፣ የልጅነት መልኩ የሚገኝበት ብቸኛው ምስል እንዲህ ባለ ሰው ሣጥን ውስጥ ሊሆን ይችላል።

ስላይድ እንዴት ይሞታል?

ፊልም እንደ ድንጋይ ሐውልት አይደለም። ቀለሙ የተሠራበት ኬሚካል በሙቀት ይደክማል። የመጀመሪያዎቹ ኤክታክሮምና መሰሎቻቸው በአርባና በሃምሳ ዓመት ውስጥ ሰማያዊውንና አረንጓዴውን አጥተው ሁሉም ነገር ወደ ቀይ ያደላል። ኮዳክሮም በጨለማ ከተቀመጠ ቀለሙን እጅግ ረጅም ጊዜ ይጠብቃል፤ በፕሮጀክተር ብርሃን ደጋግሞ ሲታይ ግን ከሌሎቹ ይልቅ ቶሎ ይደበዝዛል። በዝናብ ወራት እርጥበት የሻጋታ ክር በምስሉ ላይ ይበቅላል። የካርቱም ሙቀት ከ40 ዲግሪ በላይ መውጣቱ፣ ሐቡብ የሚባለው የአቧራ ማዕበልም በተዘጋ መስኮት ጭምር መግባቱ ለፊልም ጠላት ነው።

ፊልሙ ቢተርፍ እንኳ ማሳያው ጠፍቷል። ኮዳክ የስላይድ ፕሮጀክተር መሥራቱን በ2004፣ ኮዳክሮምን ማምረቱን ደግሞ በ2009 አቆመ። የመጨረሻው የኮዳክሮም ማጠቢያ በአሜሪካ ካንሳስ ግዛት በ2010 መጨረሻ ይህን ፊልም መቀበሉን አቆመ። በመሆኑም ስላይድ የወረሰ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚያየው ወደ መስኮት ብርሃን አንሥቶ፣ አንድ ዐይኑን ጨፍኖ ነው።

ከሁሉ የከፋው ግን እሳት ነው። በግንቦት 2023 በኦምዱርማን አህሊያ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው የመሐመድ ዑመር በሺር የሱዳን ጥናት ማእከል ከነመጻሕፍቱና ሰነዶቹ ተቃጠለ። በአንጻሩ ከጦርነቱ በፊት የሱዳን መታሰቢያ በሚባለው ፕሮጀክት አማካይነት ከሕዝብ ተቋማትና ከግለሰብ ቤቶች የተሰበሰቡ በርካታ ሰነዶችና ፎቶግራፎች ስካን ተደርገው ቅጂያቸው ከአገር ውጭ ጭምር ተቀምጦ ነበር። ጥንቱ የተባለው «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለው ምክር ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አይሻም።

ውዱ መሣሪያና ርካሹ መንገድ

በ1990ዎቹና በ2000ዎቹ ስላይድን ወደ ዲጂታል ለመለወጥ የተመረጠው መሣሪያ የፊልም ስካነር ነበር። የኒኮን ኩልስካንና የሚኖልታ ዲማጅ ስካነሮች በዚያ ዘመን ስማቸው የገነነ ነው። ይሁን እንጂ ኮኒካ ሚኖልታ በ2006 ከካሜራ ሥራ ሲወጣ፣ ኒኮንም በ2010 አካባቢ ስካነሮቹን መሥራት አቆመ። ዛሬ ያሉት አሮጌዎች ናቸው፤ ዋጋቸው ውድ፣ መለዋወጫቸውም ብርቅ ነው። ሰነድ የሚነሣባቸው ጠፍጣፋ ስካነሮችም የፊልም መብራት ካላቸው ይሠራሉ። ነገር ግን በሣጥናቸው ላይ 6400 ነጥብ በኢንች ተብሎ ቢጻፍም በእርግጥ የሚሰጡት ዝርዝር የዚህን ግማሽ እንኳ አይደርስም። ለትንሽ እትም ይበቃሉ፤ የሰው ፊት ከሩቅ ለሚታይበት የማኅበር ሥዕል ግን አያጠግቡም።

ርካሹ መንገድ አዲስ አይደለም። በፊልም ዘመንም ስላይድ የሚባዛው ካሜራን ከፊቱ አቁሞ እንደገና በማንሣት ነበር። ዛሬም እንዲሁ ይደረጋል፤ የሚለወጠው ካሜራው ዲጂታል መሆኑ ብቻ ነው። 24 ሜጋፒክስል ያለው ተራ ካሜራ የስላይዱን ፍሬም ከዳር እስከ ዳር ሲሞላው 6000 በ4000 ፒክስል ይሰጣል። ይህም በአንድ ኢንች ወደ 4200 ነጥብ ገደማ ስለሚሆን ከዝነኛው ስካነር 4000 የሚያንስ አይደለም። ስካነሩ ለአንዲት ስላይድ ደቂቃዎች ሲፈጅ ካሜራው ግን በአንድ ቅጽበት ይጨርሳል።

ለዚህ ሥራ ቅርብ ነገርን የሚያነሣ ማክሮ ሌንስ ይመረጣል። ያገለገለ፣ በእጅ የሚስተካከል አሮጌ ማክሮ ሌንስ ከአዲሱ በብዙ ይረክሳል፤ ለማይንቀሳቀስ ስላይድ ደግሞ በራሱ የሚያስተካክል ሌንስ አያስፈልግም። ማክሮ ያጣ ሰው በካሜራውና በተራ 50 ሚሊሜትር ሌንስ መካከል የሚገቡ ባዶ ቀለበቶችን መጠቀም ይችላል። ከሁሉ የሚያስደንቀው ግን በየፎቶ ቤቱ ጨለማ ክፍል ተጥሎ የቀረው የማጉያ መሣሪያ ሌንስ ነው። ጠፍጣፋ ፊልምን ከመሐል እስከ ጥግ እኩል ቁልጭ አድርጎ እንዲያሳይ የተሠራ ስለሆነ፣ ከቀለበት ጋር ሲገጠም ለዚህ ሥራ እጅግ የተመቸ ነው። የትናንቱ ፎቶ ቤት ዕቃ የትናንቱን ፎቶ ያድናል ማለት ነው።

ቁልጭ ያለ ምስል የሚገኘው ግን ከዋጋ ሳይሆን ከጥንቃቄ ነው። የመጀመሪያው ጥንቃቄ ትይዩነት ነው። የካሜራውና የስላይዱ ገጽ ፍጹም ትይዩ ካልሆኑ አንዱ ጥግ ሲጠራ ሌላው ይደበዝዛል። ይህን ለመመርመር ስላይዱ በሚቀመጥበት ቦታ ትንሽ መስተዋት ማስቀመጥ ይበቃል፤ በካሜራው ውስጥ ሲታይ የሌንሱ ነጸብራቅ በትክክል መሐል ላይ ከዋለ አቀማመጡ ቀንቷል። ሁለተኛው ትኩረት ነው። ማስተካከል ያለበት በሥዕሉ ላይ ባለው ሰው ሳይሆን፣ ምስሉን በካሜራው መስኮት እጅግ አጉልቶ የፊልሙ ጥቃቅን ቅንጣት እስኪታይ ድረስ ነው። ፎቶግራፉ በተነሣበት ቀን ደብዝዞ የነበረ ሥዕል ሊኖር ይችላል፤ የፊልሙ ቅንጣት ግን ምን ጊዜም የጠራ ነው።

ሦስተኛው የሌንሱ ቀዳዳ ነው። ከመጠን በላይ ቢከፈት ጥጎቹ ይደክማሉ፣ ከመጠን በላይ ቢጠብ ደግሞ ብርሃን ስለሚበተን ምስሉ ሁሉ ይለሰልሳል። በቁጥር ስምንት አካባቢ ማድረግ የፍሬሙን ትንሽ ጉብታም ይችላል። የብርሃን መቀበያው መጠን ዝቅተኛው 100 ይሁን። ካሜራው በጽኑ መቆሚያ ላይ ታስሮ፣ እጅ ሳይነካው በሰዓት ቆጣሪው ቢነሣ መንቀጥቀጥ አይኖርም። አራተኛው ብርሃን ነው። ከስላይዱ ኋላ የሚበራው ጠፍጣፋ መብራት ቀለምን በታማኝነት የሚያሳይ፣ ነጭና እኩል መሆን አለበት። ስላይዱ ከመብራቱ ጥቂት ሴንቲሜትር ቢርቅ በመብራቱ ገጽ ያለው አቧራ አይታይም። የክፍሉ ሌላ መብራት ሁሉ ጠፍቶ መጋረጃ ይውረድ። ካሜራውም መብራቱም በባትሪ ስለሚሠሩ፣ የኤሌክትሪክ መቋረጥ በለመደ ከተማ ይህ መንገድ ከስካነር ይልቅ ይመቻል።

ከሁሉ አስቀድሞ አቧራውን ማስወገድ ያሻል። በጎማ የአየር መንፊያ ነፍቶ፣ የቀረውን በለስላሳ ብሩሽ ማንሣት ይበቃል። በአፍ መንፋት ምራቅ ይረጫል፤ ውኃም ቀለሙን የያዘውን ሽፋን ሊያነሣ ይችላል። አንዳንድ ስካነሮች አቧራን በኢንፍራሬድ ብርሃን ለይተው በራሳቸው ያጠፋሉ፤ ይሁን እንጂ ይህ ዘዴ በኮዳክሮምና በጥቁርና ነጭ ፊልም ላይ ስለሚሳሳት በጭፍን ሊታመን አይገባም። ካሜራ የሌለው ሰው በእጅ ስልክ ቢያነሣም ከምንም ይሻላል። ስላይዱን ለማወቅና ለመምረጥ ያገለግላል፤ ለዘለቄታ ግን አይበቃም።

ስም የሌለው ምስል

ምስሉ ከተነሣ በኋላ ካሜራው የሚሰጠው ጥሬ ፋይል ሳይነካ ይቀመጥ፤ የቀለሙ እርማት በቅጂው ላይ ይሁን። ጥሬው ፋይል በአማካይ 30 ሜጋባይት ቢሆን 500 ስላይዶች በ15 ጊጋባይት ውስጥ ይገባሉ። ይህም ከጥፍር ባልበለጠች የማስታወሻ ካርድ ላይ ቦታ ተርፎት ይቀመጣል። ከካርቱም እስከ መተማ ባለው መንገድ ከባድ የፊልም ሣጥን መሸከም ያልቻለ ሰው፣ ይህችን ካርድ በልብሱ ስፌት ውስጥ ሊይዛት በቻለ ነበር። ቅጂው ሦስት ሆኖ፣ ቢያንስ አንዱ በሌላ ከተማ ወይም በሌላ አገር በዘመድ ዘንድ ቢቀመጥ ይመረጣል። ዋናው ፊልም ግን ምን ጊዜም አይጣልም፤ ነገ የተሻለ መሣሪያ ሲመጣ የሚመለሱበት እርሱ ነውና።

አንድ ነገር ግን የትኛውም ሌንስ አያነሣውም፤ እርሱም ስም ነው። በፍሬሙ ጠርዝ ላይ በእርሳስ የተጻፈ ቀንና ቦታ ካለ እርሱም አብሮ ፎቶ ሊነሣ ይገባል። ካልተጻፈ ደግሞ የሚያውቁት ሰዎች በሕይወት ሳሉ መጠየቅ ግድ ነው። በሠርጉ ዕለት ከሙሽራው አጠገብ የቆመችው ማን ናት? ቤቱ በየትኛው ሰፈር ነበር? ይህ ጽዋ የየትኛው ማኅበር ነው? እናቶችና አባቶች ምስሉን በትልቅ መስኮት ላይ ሲያዩ የሚናገሩት ቃል በድምፅ ቢቀረጽ፣ ስላይዱ ብቻውን ከሚናገረው እጅግ ይበልጣል። ስም የሌለው ምስል ከሁለት ትውልድ በኋላ የማያውቁት ሰው ሥዕል ይሆናል።

በመጋቢት 2025 ጦሩ ካርቱምን መልሶ ከያዘ በኋላ ሰዎች ወደየሰፈራቸው መመለስ ጀምረዋል። ከሚመለሱት መካከል በተሰበረ በር አልፈው፣ በተበተነ ዕቃ መካከል ተንበርክከው፣ ትንሽ የፕላስቲክ ፍሬም ከአቧራ ውስጥ የሚያነሡ አይጠፉም። እንዲህ ያለ ስላይድ ሲገኝ መጀመሪያ ሊጠረግ አይገባም። በንጹሕ ወረቀት ተጠቅልሎ፣ ከፀሐይ ርቆ፣ በደረቅ ቦታ ይቀመጥ፤ ከዚያ በአየር ተነፍቶ፣ በነጭ መብራት ፊት ቆሞ ይነሣ። ከኋላ ብርሃን ሲያገኝ የጠፋ የመሰለው ሰው ፊት ተመልሶ ይታያል፤ ያን ጊዜ ማን እንደ ሆነ የሚያውቅ አንድ ሰው ከአጠገብ ቢኖር፣ ስሙን የሚጽፍ እርሳስም አብሮ ይቅረብ።